የልጁ ደብተር ምን ይላል? የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤት ክርክር ከክፍል ውስጥ ሲታይ

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ልጁ በግል ትምህርት ቤት ይቀጥል ወይስ ወደ መንግሥት ይዛወር? የግሉ ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ሰርቪሱም ይጨምራል፣ ዩኒፎርምና መጽሐፍ ደግሞ ለብቻቸው ይመጣሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋ የቅድመ አንደኛና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም በነጻ ያገኛሉ። «ግል ይሻላል» የሚለውም ሆነ «ግል ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚለው ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ አያጣም። ችግሩ ክርክሩ ከትምህርት ቤቱ በር አለማለፉ ነው። ስለ ግቢው፣ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ክፍያው ብዙ ይወራል። መምህሩ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ልጁ የሚያውቀውና የማያውቀው የሚለየው ደግሞ እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች አብረው ሊያዩት የሚገባ ቁጥር አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ማለትም ኩረጃው ሲጠብ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ በሚወድቅበት አገር የግሉም የመንግሥቱም ትምህርት ቤት ደረቱን የሚነፋበት ምክንያት የለውም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ካርዳቸው ላይ 80 እና 90 እየተጻፈላቸው 12 ዓመት የመጡ ናቸው። ስለዚህ በየክፍሉ የተሰጠው ውጤት ራሱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ሌላ ጥያቄ ይቀድማል።

ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል በሙሉ ካሳለፉት መካከል ጎልተው የሚታዩት ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለትርፍ የቆሙ የግል ተቋማት አይደሉም፤ በክልል መንግሥታትና በልማት ማኅበራት የሚተዳደሩ ናቸው። ይህ «መንግሥት ማስተማር አይችልም» ለሚለው በቂ መልስ ነው። ግን ደግሞ እነሱ ተማሪ የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና አጣርተው ነው። ዝነኛ የግል ትምህርት ቤትም እንዲሁ ያደርጋል፤ አራት ዓመት ተኩል የሞላው ሕፃን ሳይቀር ተፈትኖ ይገባል፣ ከታች የሚቀረውን ደግሞ «ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻላል» ብሎ ይሸኛል። ቤቱ መጽሐፍ ያለው፣ ቁርሱን በልቶ የሚመጣ፣ ማታ የቤት ሥራውን የሚያይለት ሰው ያለው ልጅ የትም ቢማር የተሻለ ውጤት ያመጣል። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚቀበል ትምህርት ቤት ከእነዚህ ጋር በማለፊያ መቶኛ ሲወዳደር ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ልጁ በመስከረም የት ነበር፣ በሰኔ የት ደረሰ የሚለው ነው። ይህን መዝግቦ የሚያሳይ ትምህርት ቤት በሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም።

የመምህሩን ነገር እንመልከት። ወላጅ ሲከፍል የተሻለ መምህር የገዛ ይመስለዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን መምህራን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ከዩኒቨርሲቲዎች። ለረጅም ዓመታት ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገባው በአብዛኛው ወደ መሰናዶ ሊያልፍ ያልቻለ ተማሪ ነበር። ሙያው ዝቅ ተደርጎ ስለተያዘ ጎበዙ ሸሸው፤ የዚህን ዋጋ ዛሬ ሁሉም ክፍል እየከፈለ ነው። እንዲያውም በሥልጠና በኩል የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚበልጥበት ቦታ አለ። የመንግሥት መምህር በቅጥሩ የማስተማር ሥልጠና እንዲኖረው ይጠየቃል፣ በክረምት ትምህርቱን ያሻሽላል፣ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር በሚወጣ የደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ ይሄዳል። በግሉ ዘርፍ በሒሳብ ወይም በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዞ የማስተማር ዘዴ ምንም ሳይማር ሰኞ ተቀጥሮ ማክሰኞ ክፍል የሚገባ አለ። ውል ላይ የክረምት ደመወዝ የማይካተትበት ትምህርት ቤትም አለ፤ እንዲህ ያለው ቤት በየመስከረሙ አዲስ ፊት ያሳያል። ጥር ላይ የሒሳብ መምህሩ የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ሲሄድ ተተኪው የቀደመው የት እንዳቆመ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል።

ታዲያ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ለምን ይሻላል ይባላል? ከተማሪ ምርጫው ውጭ ሁለት እውነተኛ ብልጫዎች አሉት፤ ሰዓትና ክትትል።

ሰዓቱን በቁጥር እንየው። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምዝገባው እየተጎተተ፣ የክፍል ድልድሉና የመምህራን ምደባው እየዘገየ፣ ትምህርቱ በወጉ የሚጀምረው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ባከነ እንበል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው የሒሳብ ትምህርት 15 ክፍለ ጊዜ አጣ፤ በ40 ደቂቃ ሲሰላ አሥር ሰዓት ይሆናል። የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋዮች ምዕራፍ ተጀምሮ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በዚህ ላይ በትምህርት ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ፣ መምህሩ የሚላክበት የወረዳ ሥራ፣ የደመወዝ ቀን መቅረት ይጨመርበታል። የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ይህን አይፈቅድም፤ መምህሩ ካልገባ ወላጅ በማግስቱ ይደውላል። የክፍል አለቃው «ቲቸር አልመጣም» ብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲሄድ፣ በአንዱ ቤት ተተኪ ይላካል፣ በሌላው «ዝም ብላችሁ አጥኑ» ይባላል።

የተማሪ ብዛትም ራሱን የቻለ ስሌት አለው። መስፈርቱ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በአንድ ክፍል ይላል። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል እንውሰድ። ስም ጥሪና ሰሌዳ ማጽዳት አምስት ደቂቃ ወስደው 35 ደቂቃ ይቀራል፤ ለአንድ ተማሪ ሲካፈል 35 ሴኮንድ ነው። አምስት ክፍል የሚያስተምር የሒሳብ መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ደብተር በሁለት ሁለት ደቂቃ ላርም ቢል አንድ ዙር እርማት አሥር ሰዓት ይፈልጋል። ክፍሉ 35 ተማሪ ቢሆን ያው እርማት ስድስት ሰዓት አይሞላም። የመንግሥት መምህር ደብተር አያርምም ተብሎ ሲወቀስ ይህ ስሌት አብሮ መነሳት አለበት። መፍትሔው ግን እርማቱን መተው አይደለም። በየቀኑ ከየክፍሉ አሥራ ሁለት ደብተር ብቻ የሚሰበስብ መምህር በአምስት ቀን 60ውንም ያዳርሳል፤ ሥራው በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ከአሥራ ሁለቱ የሚያገኘው ስህተት የሌሎቹም ስህተት ስለሆነ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ ቢያቃናው ለሁሉም ይደርሳል።

አሁን አንድ ደብተር እንክፈት። አምስተኛ ክፍል ነው፤ ጥያቄው ½ + ⅓ ይላል። ተማሪው ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ⅖ ብሎ ጽፏል። ይህ በየትኛውም ትምህርት ቤት የሚገኝ የታወቀ ስህተት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከሥሩ ባለው ቀይ ቀለም ነው። አንደኛው መምህር ገጹን ሳያነብ ከታች «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛው ኤክስ አድርጎ ትክክለኛውን መልስ፣ ⅚ን፣ ይጽፍና ያልፋል፤ ልጁ ይገለብጠዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው መምህር ልጁን «ግማሽ ዳቦ ነበረህ፣ ሲሶ ጨመርኩልህ፤ አሁን ከግማሽ በለጠ ወይስ አነሰ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ በለጠ ይላል። «⅖ስ ከግማሽ ይበልጣል?» አምስት ቦታ ከተቆረሰ ዳቦ ሁለቱ ከግማሽ እንደሚያንስ ልጁ ራሱ ሲያይ መልሱ ሊሆን የማይችል መሆኑን ይረዳል። ከዚያ በኋላ ነው ዳቦውን ስድስት ቦታ የመቁረሱ፣ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ የማድረጉ ነገር ትርጉም የሚሰጠው። ይህ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ገንዘብም የስማርት ሰሌዳም አይፈልግም። የሚፈልገው ልጁ ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቅ መምህር ነው። የማስተማር ደረጃ የሚባለው ነገር በዚህ ይለካል፤ ሦስተኛው መምህር ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤት አለ፣ በሁለቱም ጥቂት ነው።

ከታች ክፍሎች የሚጀምረው ችግር ከዚህም ይከፋል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የጀማሪ ንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለምን? የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ዘር ሲባዙ 231 ቅርጾች ናቸው። በብዙ ክፍል የሚሠራው ገበታውን እያመለከቱ «ሀ ሁ ሂ» ማዜም ነው፤ ልጁ ዜማውን ይሸመድደዋል፣ መምህሩም ያወቀ ይመስለዋል። ከመደዳው አውጥቶ ሩ፣ ጌ፣ ቾ፣ ፍ ብሎ ለብቻቸው ሲያሳዩት ከ«ረ» ጀምሮ በሆዱ ካልቆጠረ አይደርስበትም። ካዕቡ፣ ማለትም ሁለተኛው ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ ምልክቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ (ቡ፣ ሱ፣ ሉ) ይቀላል። ሳድሱ፣ ስድስተኛው፣ ግን ል፣ ር፣ ን፣ ብ እያለ በየፊደሉ መልኩን ይለዋውጣል። ለዚህ ተጨማሪ ሳምንታት የማይሰጥ መምህር ልጆቹን የሚያጣቸው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ተገኘ፣ ልጁ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩን ሲረዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል መቁጠርና ማንበብ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛ ክፍልን ሳያነብ ያለፈ ልጅ ሦስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ሲሰጠው ከሰሌዳ መገልበጥ ይጀምራል። ደብተሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለውን ግን አያውቀውም።

የግል ትምህርት ቤቶች እዚህ ላይ ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም አጸደ ሕፃናት ስላላቸው ልጁ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ሁለትና ሦስት ዓመት ከፊደል ጋር ቆይቷል። የመንግሥቱ ልጅ ግን ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠውን የዜሮ ክፍል ዕድል ካገኘ አንድ ዓመት፣ ካላገኘም ምንም ሳይዝ ይመጣል። ትልቁ የመነሻ ልዩነት ይህ ነው፤ መንግሥት ቅድመ አንደኛን በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ወደ ሁለት ዓመት ማሳደጉም ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የያዙትን ብልጫ በእንግሊዝኛ ያባክኑታል። በአዲስ አበባ ትምህርቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ወላጅ የሚከፍለው ግን እንግሊዝኛ ለመስማት ስለሆነ ሳይንሱም ሒሳቡም ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ያለ ስህተት ጽፎ አሥር ከአሥር ያገኛል። ያኑ ልጅ በአማርኛ «ተክል ምግቡን ከምን ያዘጋጃል?» ብለው ሲጠይቁት «ከአፈር» ይላል። አየር፣ ውኃ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚለው ሐሳብ ውስጡ አልገባም፤ የገባው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። መምህሩም በእንግሊዝኛ ነጻ ሆኖ ስለማያብራራ መጽሐፉን ያነባል፣ ያስጽፋል፣ ባዶ ቦታ ያስሞላል። እንግሊዝኛን ራሱን እንደ አንድ ትምህርት አጥብቆ ማስተማርና ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ማስተማር ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ልጁን ከሁለቱም ቋንቋ ያጎድለዋል። ወላጆች እዚህ ላይ ጫናቸውን ቢያላሉ ትምህርት ቤቶቹም ይለወጣሉ ብለን እናምናለን፤ ገበያው የሚሰማው ወላጅን ነውና።

የውጤት ካርድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ተከታታይ ምዘና በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከመቶው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ በክፍል ሥራ፣ በፕሮጀክት፣ በቤት ሥራና በአጫጭር ፈተና የሚያዝበት ቤት ግን ፕሮጀክቱን የሚሠራው አባት፣ ፖስተሩን የሚጽፈው በሰፈር ያለ የኮምፒውተር ቤት ይሆናል። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ጥሎ ደምበኛ ማጣት አይፈልግም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ተማሪ ከደገመበት ለወረዳው የሚያቀርበው ሪፖርት ይበላሽበታል። ምክንያታቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ ልጁ ሳይችል ያልፋል። ሌላ ትምህርት ቤት ያወጣውን ፈተና ለልጆቹ የሚሰጥ፣ እርማቱንም በመለዋወጥ የሚያሠራ ርዕሰ መምህር ይህን በሽታ በአንድ ዓመት ያየዋል። አንድ ክላስተር፣ ማለትም በአንድ ሱፐርቫይዘር ሥር ያለ የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ለማድረግ ከሱፐርቫይዘራቸው ፈቃድና ከጥቂት ደስጣ ወረቀት በላይ አያስፈልጋቸውም።

መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝንበት ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርዶች አሉት። ነጥቡ ለግብአት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ተከፍሎ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣል፤ ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1 ነው። አከፋፈሉ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ግብአት በዓይን ይታያል፤ ላብራቶሪው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ ይቆጠራል። ሂደቱ ደግሞ በአብዛኛው በሰነድ ይታያል፤ የዕለት ትምህርት ዕቅድ፣ የክፍል ጉብኝት ቅጽ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መዝገብ። ኢንስፔክተር ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት እነዚህ ሰነዶች ወደ ኋላ ተቆጥረው ሲሞሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደረጃ 3 የሚል ወረቀት በሩ ላይ የለጠፈ ትምህርት ቤት ልጆቹ ማንበብ መቻላቸውን በዚያ ወረቀት ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። በተቃራኒው ግቢው ጠብቦ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠው ትምህርት ቤት ጎበዝ የታች ክፍል መምህራን ሊኖሩት ይችላል።

ይህ ሁሉ የከተማ ክርክር መሆኑን ማስታወስ ግዴታ ነው። በገጠር «ግል ወይስ መንግሥት» የሚባል ምርጫ የለም፤ ያለው አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱም ክፍት ከሆነ። በትግራይ በኮቪድና በጦርነቱ ልጆች ዓመታት አጥተዋል። በአማራ ክልል ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ሚሊዮኖች ከክፍል ውጭ ቆይተዋል። ከተማ ውስጥም ቢሆን በመሃል ያሉትን መርሳት አይገባም፤ በወላጅ ኮሚቴ የሚተዳደሩ «የሕዝብ» የሚባሉት፣ የሚሲዮንና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በመጠነኛ ክፍያ መምህራኖቻቸውን ለረጅም ዓመታት ይዘው ይቆያሉ፤ የመቆየቱ ጥቅም ደግሞ በልጆቹ ላይ ይታያል።

ትምህርት ቤት ለመምረጥ የሚሄድ ወላጅ ግቢውን ከማየቱ በፊት ባለፈው ዓመት እዚያው የተማረ የጎረቤት ልጅ ደብተር ቢለምን ብዙ ያገኛል። እርማቱ ስህተቱን ያሳያል ወይስ ፊርማ ብቻ ነው? ስህተቱ ከታረመ በኋላ ልጁ ደግሞ ሠርቶታል? ምዕራፎቹ እስከ መጨረሻ ደርሰዋል ወይስ መጽሐፉ ሲሶ ሲቀረው ዓመቱ አልቋል? ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ አምና ከነበሩት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ስንቱ ዘንድሮ አሉ? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል? መምህር ሲቀር ማን ይገባል? ማንበብ ላልቻለ ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በማን ይሰጠዋል? ስም ጠርቶ የሚመልስ ርዕሰ መምህር ሥራውን ያውቃል። «ሁሉም ተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው» የሚለው ግን አያውቅም።

ልጁን ወደ መንግሥት ያዛወረ ወላጅ ደግሞ በቀን ሃያ ደቂቃ ንባብ ቤት ውስጥ ቢይዝ ከግሉ የሚቀርበትን ክትትል በአብዛኛው ይተካል። አንድ አጭር ታሪክ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ መጽሐፉን ከድኖ በራሱ ቃል ይናገራል፤ ካልቻለ እንደገና ያነባል። ያልተማረ እናት ወይም አባት እንኳ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ልጁ የሚናገረው ታሪክ ይያያዝ አይያያዝ ጆሮ ይለየዋልና። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ባልደረሰበት ክፍል ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጋግዞ የታች ክፍል አማርኛና ሒሳቡን ከፒዲኤፍ ማሳተም ያዋጣል፤ ልጅ ከስልክ ላይ ንባብ አይለምድም።

በትምህርት ቤቶቹ በኩል ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ውሳኔ አለ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመምህራን ምደባ ሲወጣ ጠንካራው መምህር ክልላዊና ከተማ አቀፍ ፈተና ወዳለባቸው ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ይላካል፤ አዲስ ተቀጣሪውና ከሌላ ቦታ የተረፈው አንደኛ ክፍል ይሰጠዋል። ይህ መገልበጥ አለበት። ፊደል በማስለየት የተካነ መምህር ከልጆቹ ጋር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል አብሮ እንዲወጣ፣ የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ከሌላው እንዲያንስ፣ የሳምንት ክፍለ ጊዜው በእርማት ሰዓት እንዲቀነስለት ማድረግ ርዕሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ሕብረቱ በአንድ ቃለ ጉባኤ የሚወስኑት ነገር ነው። የደረጃ ዕድገት ነጥቡ ላይም የታች ክፍል ማስተማር ተጨማሪ እንዲያስገኝ ወረዳው ቢፈቅድ፣ አንደኛ ክፍል የሚመደብ መምህር ቅጣት እንደደረሰበት ሰው ፊቱን አጥቁሮ አይገባም።